ባህር ዳር ላይ የሚከራይ ቤት ማፍራት፦ ከአንዲት ሰርቪስ ክፍል እስከ ሦስት ግቢ

መጀመሪያ ያከራየኋት ክፍል ሦስት ሜትር በአራት ነበረች። ባህር ዳር ሽምብጥ ሰፈር፣ እኛው ግቢ፣ ከማድ ቤቱ ጎን። የጭቃ ግድግዳ፣ የሊሾ ወለል፣ ከላይ የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ። የገባችባት ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ነበረች። ወር በገባ በማግስቱ ኪራዩን ታመጣለች፣ እኔም ሳልነካው ባንክ አስገባዋለሁ። ዛሬ በሦስት ግቢ አሥራ አንድ ክፍል አለኝ። አንዱንም ግቢ ብር ከምሬ አልገዛሁትም፤ ክፍል ክፍልን እየወለደ ነው እዚህ የደረስኩት።

ሰው ሲያገኘኝ «ስንት ብር ይዤ ልጀምር?» ይለኛል። እኔ ደግሞ «ወረቀቱ በማን ስም ነው?» ብዬ እመልስለታለሁ። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ከታች ያለው እኔ የሄድኩበት መንገድ ነው፣ በቅደም ተከተሉ።

1. መጀመሪያ የራሳችሁን ግቢ እዩ

አዲስ ቦታ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት የቤተሰብ ግቢ ካለ እሱን ለኩት። በሜትር፣ በትክክል። ብዙ ነባር ይዞታዎች ከኋላ ባዶ ቦታ አላቸው፤ አሮጌ እንጨትና ቆርቆሮ ተከምሮበት ይኖራል። እዚያ ላይ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ከወጣ የመሬት ዋጋ ሳትከፍሉ ጀመራችሁ ማለት ነው። ግን የግንባታ ፈቃድ አውጡ። «ሰርቪስ ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ያለ ፈቃድ የተሠራ ክፍል በኋላ ስትሸጡም ስትበደሩም በግምት ውስጥ አይገባላችሁም፣ ሲብስ ደግሞ ይፈርሳል።

ግቢው የወንድምና እህት የጋራ ውርስ ከሆነ ሥራው ሳይጀመር ተቀመጡና ተነጋገሩ፣ የተስማማችሁበትንም ጻፉ። ቡና ተፈልቶ በፍቅር የተጻፈ ወረቀት፣ ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ከሚጻፍ ክስ ያድናል።

2. ወረቀቱ

እዚህ ላይ ረዘም አደርገዋለሁ። ሰው ብሩን የሚያጣው እዚህ ነው።

በአገራችን መሬት የግል አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የምትገዙት ቤቱን ነው፣ ከቤቱ ጋር የመጠቀም መብቱ ይዛወርላችኋል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ሁለት ዓይነት ካርታ ያጋጥማችኋል፣ ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) እና ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዓመት በክፍያ የተወሰደ)። ሊዝ ለመኖሪያ ቤት እስከ 99 ዓመት ነው። የሊዝ ቦታ ከሆነ ገና ያልተከፈለ ዕዳ ሊኖረው ይችላል፤ ስንት እንደቀረና በየዓመቱ ስንት እንደሚከፈል ጠይቁ። ደግሞ በአዋጅ 721/2004 መሠረት ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ የሊዝ ቦታን እንደልብ መሸጥ አይቻልም። መሠረት ብቻ ወጥቶለት «በውክልና እንጨርሰዋለን» የሚሏችሁን ቦታ እለፉት።

ሦስተኛ ዓይነት አለ። ወደ ዘንዘልማ፣ ወደ መሸንቲ ወጣ ስትሉ ደላላ የሚያሳያችሁ የአርሶ አደር መሬት። ዋጋው ያጓጓል። ካርታ የለውም፣ በሽማግሌ ፊት የተጻፈ ወረቀት ብቻ። ይኼ መሬት አይሸጥም። በላዩ የሚሠራው የጨረቃ ቤት ነው፣ ዶዘር ሲመጣ ካሳም የለው። አርሶ አደሩም መሬቱን አጥቶ፣ እናንተም ብራችሁን አጥታችሁ የምትለያዩበት ነገር ነው። አትግቡበት።

ካርታ ያለው ቤት ስታገኙ ፎቶኮፒውን ይዛችሁ ክፍለ ከተማው መሬት ቢሮ ሂዱ። ሦስት ነገር አጣሩ። ካርታው ከማህደሩ ጋር ይመሳሰላል ወይ? ቤቱ ከዕዳና ከእግድ ነፃ ነው ወይ? መንገድ ወይም ሌላ ፕላን ይነካዋል ወይ? ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ባህር ዳር መንገድ እየሰፋ ያለ ከተማ ነው። ዛሬ ፊት ለፊት ያለው ግቢ ነገ ግማሹ አስፋልት ሊሆን ይችላል።

የሻጩን ትዳርም አጣሩ። ይኼን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። ሁለተኛውን ግቢ ስፈልግ አንድ አዛውንት ቤታቸውን ሊሸጡልኝ ተስማማን። ካርታው በስማቸው ነው፣ ሁሉ ነገር ንጹሕ ነው። ቀብድ ከፈልኩ። በሳምንቱ አንዲት እናት ጎንደር ከልጃቸው ዘንድ ከርመው መጡና ግቢው በር ላይ አገኙኝ። «ልጄ፣ አርባ ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው። እኔ ያልፈረምኩበት እንዴት ይሸጣል?» አሉኝ። ልክ ናቸው። የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱም ባለትዳሮች ስምምነት አይሸጥም። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላወቅሁም» ብዬ ወጣሁ። ቀብዱ ተቆራርጦ እስኪመለስልኝ አሥራ አራት ወር ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት አብረው ካልተቀመጡ ስለ ዋጋ አላወራም። ሻጩ አላገባሁም ካለም የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ አስመጣለሁ። ባሏ የሞተባት ወይም ሚስቱ የሞተችበት ከሆነ የወራሽነት ማስረጃውን አይቼ ወራሾቹን አንድ በአንድ አገኛለሁ።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም፣ ስሙም ይዛወር። ስም ሳይዛወር ሙሉ ክፍያ የለም።

3. መሬቱን በክረምት እዩት

በመጋቢት ያያችሁትን ቦታ በነሐሴ ላታውቁት ትችላላችሁ። የጣና ውኃ ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲያልቅ፣ መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ነው። ዝቅ ባሉት ሰፈሮች የከርሰ ምድሩ ውኃ አብሮ ይወጣል፣ የሽንት ቤት ጉድጓድም ከታች ይሞላል። ጎረቤት ጠይቁ፤ «ክረምት ላይ ጉድጓዳችሁ ስንት ጊዜ ይመጠጣል?» በሉ። መልሱ ከመሐንዲስ ሪፖርት ያላነሰ ይነግራችኋል።

አፈሩንም እዩ። ዋልካ ከሆነ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ግድግዳውንም ይዞት ይሰነጥቃል። የቆየ ቤት ስትገዙ የመስኮትና የበር ማዕዘኖችን ተመልከቱ። ከማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ካለ፣ ላዩን በጂፕሰም ደፍነው ቀለም ቢቀቡትም ይመለሳል። ዋልካ ላይ ጥቁሩ አፈር ተነስቶ በሌላ አፈር ካልተሞላ ቤት አይቆምም። ይኼን ወጪ ከመግዛታችሁ በፊት ከዋጋው ላይ ቀንሱት።

የሐይቁ ዳርቻ ያምራል፣ ልብ ይሰርቃል። ግን ጣና ከሰኔ 2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ነው፣ ዳርቻውም የሚጠበቅ ነው። ውኃው ጥግ ያለ ይዞታ ሲቀርብላችሁ ምን እንደተፈቀደለት ካላወቃችሁ አትንኩት። እኔ ከሐይቁ ራቅ ያለ፣ ባጃጅ የሚገባበት ግቢ ይሻለኛል።

4. ማን ነው የሚከራየው?

ብዙ ሰው ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ቤት ከያዝኩ ተማሪ ይሞላዋል ብሎ ያስባል። መደበኛው ተማሪ ዶርም ውስጥ ነው። በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ ፔዳ ወይም ፖሊ አካባቢ የምታገኙት መምህራንን፣ የቢሮ ሠራተኞችን፣ የማታና የግል ኮሌጅ ተማሪዎችን ነው። ሆስፒታል አጠገብ፣ ፈለገ ሕይወት ሆነ ጥበበ ጊዮን፣ ነርሶችና ሐኪሞች አሉ። እነሱ በሌሊት ስለሚመላለሱ መብራት ያለበት መንገድና የሚቆለፍ የውጭ በር ይፈልጋሉ። ባለትዳሮች ደግሞ ሁለት ክፍል ከነማድ ቤቱ ይፈልጋሉ፣ ከገቡ ቶሎ አይለቁም።

የእኔ ምርጫ ቅልቅል ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤተሰብና ሁለት ብቸኛ ሠራተኛ። አንዱ ሲለቅ ሌላው ይይዘኛል። ክልላችን ሰላም ባጣባቸው ባለፉት ዓመታት ይኼ ነገር አዳነኝ። በቱሪስት የሚተዳደሩ ተከራዮቼ ሥራ አጥተው ሄዱ፣ ሁለት ክፍል ለአምስት ወር ባዶ ሆነ። ቤተሰቦቹ ግን ቆዩ። አንዷ እናት ለሁለት ወር ግማሽ ኪራይ ነበር የከፈለችኝ፤ ከባንክ ያስቀመጥኩት ስለነበረኝ ላስጨንቃት አልፈለግሁም። ሁሉንም ቀስ እያለች ከፍላ ጨርሳለች። እስከ ዛሬ እኔው ዘንድ ናት።

5. ሒሳቡን በወረቀት ሥሩ

ቁጥሩ ለማሳያ ነው፣ የሰፈራችሁን ዋጋ ተኩበት። አራት ክፍል በ900,000 ብር ሠራችሁ እንበል። እያንዳንዱ በ3,500 ብር ይከራያል። በወር 14,000፣ በዓመት 168,000 ይሆናል። ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ይደሰታል። አታቁሙ። አንድ ወር ባዶ ይሆናል ብላችሁ 14,000 ቀንሱ። ለጥገና 15,000። ለግብር ሌላ 15,000 ለብቻ አስቀምጡ። የቀረው 124,000 ነው። 900,000 ለ124,000 ሲካፈል ሰባት ዓመት ከጥቂት ወር ይመጣል። ገንዘባችሁ የሚመለሰው ያኔ ነው። ተበድራችሁ ከሆነ ደግሞ ወለዱ ከላዩ ይደመራል።

ሰባት ዓመት ከበዛባችሁ በሁለት በኩል መቀነስ ይቻላል፣ በግንባታ ወጪና በባዶ ወራት። ኪራይ እየሰቀሉ መቀነሱ ያስቸግራል። ጥሩ ተከራይ 300 ብር ጨምራችሁበት ቢለቅና ክፍሉ ሁለት ወር ባዶ ቢሆን፣ የጨመራችሁት የዓመት ጭማሪ ሁለት ወሩን አይሸፍንም፤ 3,600 ብር ለማግኘት 7,000 አጣችሁ ማለት ነው።

6. ብሩ ከየት ይምጣ?

ዕቁብ። አትናቁት። ዕጣውን መጨረሻ አካባቢ የሚወስድ ሰው እየቆጠበ ነው፤ መጀመሪያ የሚወስድ ደግሞ ያለ ወለድ ተበደረ። እኔ ሁለት ክፍል ያቆምኩት በዕቁብ ነው። ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ከግንበኛው ጋር ዋጋ ተስማምቼ፣ ብሩ በእጄ በገባ ሳምንት ብሎኬትና ቆርቆሮ ገዛሁበት። ይኼ ነገር ወሳኝ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ይዞ ዕቃ መጠበቅ እንደሚጎዳ ሁላችንም አይተናል።

የባንክ ብድር የሚመቸው ቋሚ ደመወዝ ላለውና የቤቱ ካርታ ንጹሕ ለሆነ ነው። ወለዱ ከኪራዩ እንዳይበልጥ አስሉ፤ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ ብድር ለማጠናቀቂያ እንጂ ለመጀመሪያ አልመክርም።

ወለድ አገድም አለ። ለባለቤቱ ገንዘብ ታበድሩና ብሩን እስኪመልስ ቤቱን እያከራያችሁ በኪራዩ ትጠቀማላችሁ። ቤት ሳትገዙ አከራይነትን የምትለማመዱበት መንገድ ነው። ግን እሱም በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ የትዳር ጓደኛም ይፈርምበት። በቃል የተያዘ ወለድ አገድ ጎረቤት ያጣላል።

7. ሲሠራ

አሮጌ ጭቃ ቤት ገዝታችሁ ከሆነ ወዲያው አታፍርሱ። ቋሚውን እዩ። ሥሩ በምስጥ ካልተበላ ጠግኑና ማከራየት ጀምሩ፣ ኪራዩ ለብሎኬቱ ይቆጥብላችሁ። አዲስ ባህር ዛፍ ቋሚ ስታስገቡ መሬት የሚገባውን ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ቀቡት።

ባህር ዳር ይሞቃል። ጣሪያውን ከፍ አድርጉት፣ ኮርኒስ ይኑረው። መስኮቱ ላይ ወንፊት ሽቦ አድርጉ፤ ወባ ባለበት ከተማ ልጅ ያለው ተከራይ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ወጪው ትንሽ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ውኃና መብራት። ግቢ ውስጥ ጠብ የሚነሳው በእነሱ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ከሌለ ተከራይ አይቆይም። ሮቶውን ከፍ ባለ ጠንካራ ማማ ላይ አስቀምጡ፤ ሙሉ ሮቶ አንድ ሺህ ሊትር ከሆነ አንድ ሺህ ኪሎ መሆኑን ለብየዳ ሠራተኛው ንገሩት።

መብራቱ ደግሞ ምጣድ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። በአንድ ቆጣሪ አራት ቤተሰብ እያለ ሁለት ምጣድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ላይ ሲበራ መስመሩ ይግላል፣ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ከዚያ «ማን ነው ያጠፋብኝ» ይጀመራል። እኔ ለማድ ቤቱ ለብቻው ወፍራም ሽቦና የራሱን ብሬከር አስገባሁ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ንዑስ ቆጣሪ። በየወሩ የመጨረሻ ቀን ከተከራዮቹ አንዱን ይዤ እየዞርኩ አነባለሁ። በደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ እሱም ይፈርማል። ንዑስ ቆጣሪው ከገባ ወዲህ በመብራት የተጣላ ሰው የለም።

8. ውሉ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። በክልል ከተሞች ተፈጻሚነቱን የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ፣ ክፍለ ከተማችሁ ሄዳችሁ የሚሠራበትን ጠይቁ። እኔ ግን ማንም ሳያስገድደኝ እንደ አዋጁ ነው የምዋዋለው። ሁለት ዓመት ለተከራዩ ዕረፍት ነው፣ ለእኔም ባዶ ወር የለብኝም።

ውሉ ላይ የሚከተለው ይኑር፦ የሁለታችሁ ስምና መታወቂያ፣ የኪራዩ ልክ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ለመልቀቅ ስንት ጊዜ በፊት እንደሚነገር፣ ውኃና መብራት እንዴት እንደሚከፈል፣ ስንት ሰው እንደሚኖር። በገባበት ቀን ደግሞ አብራችሁ ክፍሉን ዙሩ። መስታወቱ፣ ቁልፉ፣ ሶኬቱ፣ የቆጣሪው ንባብ። ፎቶ አንሱ፣ ፎቶውን በቴሌግራም ላኩለት። ሲወጣ «ይኼ ድሮም የተሰበረ ነው» «የለም አንተ ነህ» የሚባል ነገር አይኖርም። ኪራዩ በባንክ ይግባ።

ተከራይ ስትመርጡ ደላላው የሚለውን ሰምታችሁ አትወስኑ። የነበረበትን ቤት ጠይቁ፣ አከራዩን አነጋግሩ። ደሞዙንም ብቻ አትዩ። የነርሷ ደሞዝ ትንሽ ነበር፣ አንድ ቀን ግን አላሳለፈችም።

9. ግብር

የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር አዋጁ ሠንጠረዥ «ለ» ግብር አለው። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ማስታወቅ ነው። የጥገና ደረሰኝ አስቀምጡ። በጥር 2017 የንብረት ታክስ አዋጅም ጸድቋል፣ ቤት ሲበዛ እሱም ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ኪራይ ደብቆ መኖር ቀላል ይመስላል፤ ግን ባንክ ብድር ስትጠይቁ የገቢ ማስረጃ የሚሆናችሁ የከፈላችሁት ግብር ነው።

አባቴ ሁለተኛውን ግቢ ስገዛ ተቃውሞኝ ነበር። በ1967ቱ አዋጅ 47 ታላቅ ወንድሙ ሁለት ቤት ተወርሶበታል፤ ያኔ «ትርፍ ቤት» የሚባለው። «ልጄ፣ ቤት ሲበዛ ዓይን ይገባል» ይለኝ ነበር። ፍርሃቱ ከእውነት የመጣ ስለሆነ አልተከራከርኩትም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር የእያንዳንዱን ግቢ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝና ውል በየራሱ ፋይል አድርጌ አሳየሁት። አንድ ከሰዓት ሙሉ አገላብጦ ሲያይ ዋለ፣ ከዚያ የፋይሎቹን ቅጂ እሱ ዘንድ እንዳስቀምጥ ጠየቀኝ። እስከ ዛሬ እሱ ነው የሚይዛቸው።

10. ሁለተኛው ግቢ መቼ?

ሦስት ነገር ሲሟላ። የመጀመሪያው ግቢ አሥራ ሁለት ወር ሳይቋረጥ ተከራይቶ። የስድስት ወር ወጪ ባንክ ተቀምጦ። የመጀመሪያው ቤት የወር ዕዳ ክፍያ ከወር ኪራዩ ግማሽ በታች ሆኖ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ጠብቁ፣ ቦታ አያልቅም።

ሁለተኛውን ከመጀመሪያው በእግር በሚደረስበት ርቀት ፈልጉ። ቧንቧ የፈነዳ ዕለት ያንኑ የቧንቧ ሠራተኛ ይዛችሁ ሁለቱንም ግቢ በአንድ ጠዋት ታዳርሳላችሁ። ሦስተኛው ግን ሌላ ሰፈር ቢሆን ጥሩ ነው፤ አንዱ ሰፈር ሲቀዘቅዝ ሌላው አይቀዘቅዝም። የእኔ ሦስተኛ ከአባይ ድልድይ ማዶ ነው።

ግንቦት ላይ የሦስቱንም ጣሪያ እወጣለሁ፣ የላላ ምስማር እቀይራለሁ፣ አሸንዳ እጠርጋለሁ። አራተኛ ግቢ የሚሆን አንድ ቦታ አሁን አይቻለሁ፤ ካርታው ንጹሕ ነው፣ ባልና ሚስቱም አብረው ነው ያናገሩኝ። ዋጋ ገና አልተነጋገርንም። ነሐሴ ላይ ቦት ጫማ አድርጌ ተመልሼ እንደማየው ነግሬያቸዋለሁ።